ለጠፈር መርከብ የዘመሩ ባለሱቆች

ሥራ ያቆምኩት በጆሮዬ ምክንያት ነው። ሐኪሟ የግራ ጆሮዬን ነገር በወረቀት ላይ በመስመር አሳየችኝ፤ መስመሩ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። በዕድሜ የሚመጣ ስለሆነ ብዙም አያስጨንቅም አለችኝ። ለሌላ ሰው አያስጨንቅ ይሆናል፤ እኔ ግን እንጀራዬን የበላሁት በጆሮዬ ነው። አንድ ቀን አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች መሣሪያዋ ላይ የሚንሿሿ ነገር እንዳለ ራሷ ቀረጻውን አስቁማ ስትነግረኝ፣ እኔ ደግሞ ምንም እንዳልሰማሁ ሲገባኝ፣ በቃኝ አልኩ። በዚያው ሰሞን ባለቤቶቹ የስቱዲዮውን ሕንፃ ሸጡት። አሁን ሙዚቃው በአብዛኛው በኮምፒውተር ስለሚሠራ ሙሉ ኦርኬስትራ የሚያስገባ አዳራሽ የሚከራይ ጠፍቷል። እኔም አዳራሹም አብረን ጡረታ ወጣን ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ምን ነበር የምትሠራው ብለው ሲጠይቁኝ ለጌም የሚሆን የኦርኬስትራ ሙዚቃ እቀዳ ነበር እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። አንዱማ «ጋሼ፣ በዚህ ሽበት ጌም?» ብሎኛል። ይሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር።

ብዙ ነገር ቀድቻለሁ፤ የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የማስታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ኳየር። ይህን የምጽፈው ግን በአንዱ ሥራ ምክንያት ነው። አስቴር የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ፣ የሞተ ባሏ ሲዘምር የሚሰማበትን ቅጂ ፈልግልኝ ብላኝ መጣች። ልጃቸው የአባቷን ዝማሬ እንድትሰማ ፈልጋ ነው። ሰውዬውን ደግሞ እኔው ራሴ ቀድቼዋለሁ።

ጆሃንስበርግ የመጣሁት እንደ አገሬ ልጆች ሁሉ ሱቅ ልሠራ ነው። ከሆሳዕና አካባቢ የመጣ ሰው እዚህ ሌላ ሥራ ይሠራል ብሎ የሚያስብ የለም። ሶዌቶ ውስጥ በአንድ የአገሬ ሰው ስፓዛ፣ ማለት የሰፈር ትንሽ ሱቅ፣ ተቀጥሬ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆሜ ዳቦ፣ ወተት፣ ሲጋራና የስልክ ካርድ ሸጥኩ። አገር ቤት ሳለሁ የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩ፤ ድምፅ ማጉያው ሲበላሽም የምጠግነው እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ በለስላሳ ሳጥኖች ላይ አንድ አሮጌ ኪቦርድ አጋድሜ ደንበኛ ሲጠፋ እነካካ ነበር። አሠሪዬ በመጣ ቁጥር፣ አንተ ሰውዬ የከፈትነው ሱቅ ነው ጸሎት ቤት እያለ ይነዘንዘኛል።

ንታቴ ሞክዌናን ያወቅሁት በዚያ ነው። ንታቴ በሶቶ ቋንቋ አባት እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሰው እዚያ በባዶ ስሙ አይጠራም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ሽማግሌ ነበር። ዳቦውን ይገዛና አይሄድም፣ ፍርግርጉን ተደግፎ ይሰማል። ከዕለታት አንድ ቀን ግራ እጅህን ለምን ታዘገየዋለህ አለኝ። አገር ቤት እንደዚያ ነው የሚጫወቱት አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ቅዳሜ ኳየር ስቀዳ የማይክ ገመድ የሚሸከምልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ትመጣለህ ወይ አለኝ። ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ ብዙም አልቆየሁም። ደመወዙ ከሱቁ ያንስ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቴን ለማሳደስ በተሰለፍኩ ቁጥር ደግሞ ሥራ ብለህ ምን ልትሞላ ነው እያልኩ እጨነቃለሁ። እሱ ያልፋል፣ አለፈም።

መጀመሪያ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች እየዞርን የአብያተ ክርስቲያናት ኳየር እንቀዳ ነበር። በኋላ ንታቴ ከተማ ውስጥ ባለ አዳራሽ ዋና የድምፅ ባለሙያ ሆኖ ሲቀጠር እኔንም ይዞኝ ገባ። ወለሉ የእንጨት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ደስ የሚል አዳራሽ ነበር። ገመድ መጠቅለል ብቻ ከዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ገመድ እንደ ጠባዩ ካልጠቀለሉት ውስጡ ይበጠሳል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም፤ ቀረጻ መሃል ላይ ነው ጉድ የሚሠራው።

የንታቴን ሥራ አጠገቡ ላልቆመ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አዳራሽ ሲገባ ከማንም ጋር አያወራም። አራቱም ማዕዘን ድረስ እየሄደ አንድ አንድ ጊዜ ያጨበጭብና ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁ የት ሄዶ እንደሚሞት ይሰማል። ከዚያ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር እየለጠፈ ለእያንዳንዱ ሰው መቆሚያውን ያሳያል። የገባ ሰው ሁሉ ሰዓቱን፣ ሳንቲሙንና ቁልፉን ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፣ ጫማው ሲጥ ሲጥ የሚልም ያወልቃል። ማይክ በየሰዉ አፍ አይደቅንም፤ ሁለት ብቻ ከፍ አድርጎ ይሰቅላል። እኔ መጀመሪያ ለየብቻ ብንቀዳቸውና በኋላ ብናስተካክል አይሻልም ወይ ብዬው ነበር። ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እየተደማመጡ የሚያወጡት ድምፅ በኋላ በቁልፍ አይሠራም አለኝ። እንደዚያም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

አንድ ሕግ ነበረው። ከበስተጀርባ ለሚሄድ ሙዚቃ፣ አንድ ሰው ተለይቶ ከተሰማ ይደገማል። ሌላም ልማድ ነበረው፤ ያልተፈለገው ቅጂ ከሕንፃው ከመውጣታችን በፊት ይጠፋል። በወጣትነቱ አንድ የተበላሸ ቅጂ ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ በስህተት ታትሞ ወጥቶበት ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጥራጊ አያስቀምጥም። የማጥፋቱ ሥራ የእኔ ነበር። እሱ ቅጂዎቹን ይጠራልኛል፣ እኔ አጠፋለሁ፣ እሱ ኮቱን ለብሶ ከኋላዬ ቆሞ እስክጨርስ ይጠብቃል። ጎበዝ፣ ንጹሕ ሠራተኛ ይለኝ ነበር፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

የጠፈሩን ሥራ ያመጣችው ኖምሳ ናት። የሙዚቃ ደራሲ ነች፣ ወጣት፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ። ጌሙ የሚጫወተው ሰው በአንድ ግዙፍ የጠፈር መርከብ ውስጥ ብቻውን ነቅቶ የሚዞርበት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተኝተዋል፤ ወደ ሌላ ዓለም እየሄዱ ነው፣ ጉዞው ከሰው ዕድሜ ይረዝማል። ተጫዋቹ በር ይከፍታል፣ በመተላለፊያው ይሄዳል፣ በመስኮት ጨለማውን ያያል፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ሙዚቃው መቼ እንደጀመረ ሊታወቅ አይገባም አለችን። ዜማው እዚህ ነኝ ካለ ተበላሸ።

እንዲህ ያለ ሙዚቃ ቀላል ይመስላል፤ ዜማ የለው፣ ምት የለው። ኦርኬስትራውን ሙሉ ሳምንት አለፋነው። ቫዮሊኖቹ አንዱን ኖታ ይዘው ሲቆዩ ጅማቱን የሚያሹበትን ቀስት ወደ ኋላ የሚመልሱበት ቅጽበት አለ፤ ሁሉም ባንዴ ከመለሱ ጆሮ ይይዘዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎረቤቱን እየሰማ፣ ጎረቤቱ ሲመልስ እሱ ሳይመልስ መያዝ አለበት። ከሁሉ የከፋው መጋጠሚያው ነው። የጌሙ ተጫዋች አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ከቆየ ሙዚቃው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየዞረ ይደጋገማል። መጨረሻው ላይ አንዲት ነገር ካለፈች፣ አንዲት ትንፋሽ ብትሆን፣ ሰውዬው ዞሮ ሲሰማት ያውቃታል። ካወቃት ደግሞ መርከቡ መርከብ መሆኑ ይቀራል።

ኖምሳ ከኦርኬስትራው ሥር የተኙት ሰዎች ትንፋሽ የመሰለ የወንዶች ድምፅ ትፈልግ ነበር፤ ቃል የሌለው፣ የየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ። ያመጣቻቸው ኳየሮች ሁሉ አልጣሟትም፣ በጣም የሠለጠኑ ናቸው አለች። እኔ ነኝ የእኛ መዘምራን አሉ ያልኩት። ባለሱቆች ናቸው፤ ከአይቮሪ ፓርክ፣ ከኮዝሞ ሲቲ፣ ከሶዌቶ ለእሁድ የሚሰባሰቡ። አፋቸውን ዘግተው ሲያዜሙ አንድ ነገር አላቸው አልኩ። ንታቴም ይምጡ አለ።

ባለሱቅን ከሱቁ ማውጣት ቀላል አይደለም። አንዱ ወንድሙን ተክቶ፣ አንዱ ሚስቱን፣ አንዱ ዘግቶ መጡ። የእሁድ ሱፋቸውን ለብሰው መጥተው ነበር። ኖምሳ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እንኳን ደህና መጣችሁ አለች። ለጠፈር መርከብ ነው የምትዘምሩት ስላቸው ታምራት «ጋሼ፣ እዚያም የእኛ ሰው ሱቅ ከፍቷል እንዴ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ።

ታምራት የአስቴር ባል ነው። አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ነበረው፣ በዙሉ ቋንቋ ከአሮጊቶች ጋር ሲቀላለድ የሚውል፣ ደንበኛ የሚወደው። የመዘምራኑ መሪ ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሲወጣ ግን ይቀላል። በእኛ አገር መሪ ዘማሪ ሌሎቹ ሲያቆሙ አብሮ አያቆምም። መጨረሻዋን ትንሽ ይጎትታታል፣ ያንቀጠቅጣትና ቀስ ብሎ ያወርዳታል። ጉባኤው በዚያች ቦታ ላይ ነው «አሜን» የሚለው። ታምራት እንደዚያ ነው ያደገው፣ ጉሮሮው ሌላ አያውቅም።

ችግራችን ይኸው ሆነ። ሌሎቹ ወዲያው ተዋሃዱ፤ እንኳን ኖምሳ ንታቴም ፊቱ ፈታ አለ። ታምራት ግን ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ያቺ ጉተታ መጋጠሚያውን አልፋ ትሄዳለች። ንታቴ ወደ ኋለኛው ረድፍ ወሰደው። ተሰማ። ከኋለኛው ረድፍ ወደ መጋረጃው ወሰደው። አሁንም ተሰማ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። በየመሃሉ እኔን ይልከኛል፣ እኔም ሄጄ በቋንቋችን አስረዳዋለሁ። ታምሩ፣ ግማሽ ድምፅህን ብቻ አውጣ፣ ጎረቤትህን እየሰማህ ውስጡ ግባ አልኩት። እሺ ጋሼ ይላል፣ ይስማማል፣ ሲጀመር ግን ራሱን ይረሳል። ሲደጋገም ሌሎቹም ደከሙ፤ አንዱ ሱቄ ተዘግቶ እያለ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ታምራት አፈረ፤ ከግድግዳው ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ሆነልን። ማን የት እንዳለ አይለይም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ መጋጠሚያውም ንጹሕ። ኖምሳ አለቀሰች። ንታቴ ኮቱን አነሳ። መዘምራኑ ተመራርቀው፣ ታክሲ ይዘው ሄዱ። እኔ እንደ ልማዳችን የቀሩትን ቅጂዎች አንድ በአንድ አጠፋሁ፣ ንታቴም ከኋላዬ ቆሞ ጠበቀኝ።

ጌሙ ወጣ፣ ሙዚቃውን ሰዎች ወደዱት። ንታቴ ብዙም ሳይቆይ ሥራ አቁሞ ሶዌቶ ቤቱ ገባ፣ ቦታውን እኔ ያዝኩ። ታምራትና አስቴር ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ ገና መቀመጥ ስትለማመድ አይቮሪ ፓርክ ሱቁ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ዘራፊዎች ገቡ። ገንዘቡን፣ ስልኮቹን ወሰዱ። ታምራትን በጥይት መትተው ገደሉት። ምንም አላደረጋቸውም ነበር አሉ ያዩት፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ነበር። ሬሳው አገር ቤት ተላከ። እኛ እዚህ ለቅሶ ተቀመጥን፤ መዘምራኑ ሊዘምሩ ተነስተው የሚጀምርላቸው ሰው ስላጡ ዝም ብለው ቆሙ። ያን ቀን አልቅሼአለሁ።

አስቴር ወደ እኔ የመጣችው ሥራ ላቆም ስሰናዳ ነው። ልጅቷ አፍ ፈትታለች፣ አባቴ የታል ማለት ጀምራለች። አስቴር የታምራት ድምፅ ጨርሶ የለኝም አላለችም። ለዘመድ በስልክ የላካቸውን የድምፅ መልእክቶች ሰብስባለች፤ ስኳር አልቋል፣ ዘይት ጨምሯል፣ ከከተማ ስትመጣ የሕፃን ወተት አትርሳ የሚሉ ናቸው። ሲዘምር የቀዳችው ግን ከሱቁ በተዘረፈው ስልኳ ውስጥ ነበር። «ልጄ አባቷን በስኳርና በዘይት ብቻ እንድታውቀው አልፈልግም» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ታምራት እናንተ ጋ ዘምሯል፣ እናንተ ደግሞ ጥሩ መሣሪያ አላችሁ፣ የሱን ብቻ አውጥተህ ስጠኝ አለች። እፈልጋለሁ አልኳት። ምን እንዳለና ምን እንደሌለ እያወቅሁ እፈልጋለሁ አልኳት።

መጀመሪያ የሄድኩት ንታቴ ቤት ነው። ምናልባት እሱ በሆነ ምክንያት አንዷን ቅጂ አስቀምጦ ይሆናል ብዬ ነው፤ የማይሆን ተስፋ ነው፣ ግን ሰው ምን ያደርጋል። በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ነገሩን ነገርኩት። ታምራትን አስታወሰው፤ ስሙን ረስቶታል፣ ያቺን መጨረሻ ግን በቀጭን ድምፁ አንጎራጎራት፣ እስከ ማንቀጥቀጡ። አስቀምጠህ ነበር ወይ አልኩት። የለም አለ። የያዘውን የሻይ ሲኒ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ያን ቀን ልክ ነበርኩ» አለኝ በመጨረሻ። «አሁንም ልክ ነኝ። ለሴትዮዋ ግን ምንም አያደርግላትም።»

ከዚያ ወደ ኖምሳ ሄድኩ። እሷ አሁን በኮምፒውተር ነው የምትሠራው፤ ከተቀላቀለ ድምፅ ውስጥ አንዱን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም አላት። ነገሩን ስትሰማ ሥራዋን ትታ ተቀመጠችልኝ። አንድ ቀን ሙሉ ሞከረች። ማይኮቹ ሁለት ብቻ፣ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ ድምፃቸው በጣሪያውና በወለሉ ተዋህዶ፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ነገር የለውም። በመጨረሻ ግን አንድ ድምፅ አወጣ። ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ንጹሕ፣ ያማረ። ተገኘ ብዬ ብድግ አልኩ። ደግሜ ስሰማው ግን ታምራት አይደለም። ትንፋሹን የሚወስድበት ቦታ የሱ አይደለም። ኖምሳን ይህ ማን ነው አልኳት። ማንም አይደለም፣ ማሽኑ ይሆናል ብሎ የገመተው ነው አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ልሰጣት አስቤ ነበር። ማን ያውቃል? ልጅቷ ታቅፈው ታድጋለች፣ አስቴርም ሐዘኗ ላይ ሆና ትቀበለው ይሆናል። ለጥቂት ቀን ስልኬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ቤት ቁጭ ብዬ ስሰማው ግን ይህ ያልተወለደ ሰው ነው፤ ሕፃኗ ያልተወለደ ሰው ስትወድ ልትኖር ነው የሚል ነገር እየመጣ እረፍት ነሳኝ። አልሰጠኋትም።

አዳራሹን ልናስረክብ ሳምንት ሲቀረው አስቴርን ጠራኋት። ልጅቷን ለጎረቤት ትታ ብቻዋን መጣች። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሩም ፒያኖውም ተወስዷል። ማጫወቻው ክፍል ውስጥ ጥሩዎቹ ድምፅ ማጉያዎች ፊት አስቀመጥኳትና ሙዚቃውን ከፈትኩላት። ቫዮሊኖቹ ገቡ፣ ከሥራቸው ወንዶቹ። ዓይኗን ጨፍና፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ ሰማች። ዞሮ ሲመጣ እንደገና ሰማች። እኔ ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ቁልፎቹን እያየሁ ቆየሁ።

«የቱ ነው?» አለችኝ።

እንደማይለይ ነገርኳት። ሥራው እንደዚያ ነበር፣ ማንም ተለይቶ እንዳይሰማ ነው የደከምነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳወቀችው ሁሉ አልተገረመችም። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አነሳች።

«ጋሼ፣ እዚህ ከመጣበት ቀን በኋላ ቀስ ብሎ ነበር የሚዘምረው» አለች።

አልገባኝም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ወይ አልኳት። ቤት ውስጥም አለችኝ። መድረክ ላይ ሲቆም ድምፁን ሰብሰብ አድርጎ ከሌሎቹ ውስጥ ይገባል፣ መጨረሻዋን አይጎትታትም። ልጅቷን አቅፎ ሲያስተኛት እንኳ እየተጠነቀቀ ነበር። ምን ሆነሃል ስትለው፣ እነሱ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ጥሩ ዘማሪ ከሌላው ጋር የሚዋሃድ ነው ይላታል። ጋሽ ማቴዎስ አስተምሮኛል ይላታል፤ እኔን ማለቱ ነው። እኔ መድረክ ላይ ሳየው ድምፁ መብሰሉን እንጂ ሌላ አላሰብኩም ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

«መድረክ ላይ ሲዘምር ሰዎች በስልካቸው የቀዱት ሁሉ ከዚያ ወዲህ ያለ ነው» አለችኝ። «ሁሉንም ሰምቼዋለሁ፣ የድሮ ድምፁ የለበትም። ስለዚህ ነው እዚህ የመጣሁት። ያን ቀን እየጮኸ ደጋግማችሁ እንዳስቆማችሁት ነግሮኛል። የሚጮኸውን ነው የምፈልገው። ያስቆማችሁበትን።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን አልነገርኳትም ነበር። ያስቆምንበትን ሁሉ እዚያው ቀን አጥፍተነዋል አልኳት። ልማዳችን ነው፣ ያልሆነው አይቀመጥም አልኩ። እያወራሁ ሳለሁ ንግግሬ ለራሴ አስጠላኝ።

«ማነው ያጠፋው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና በመስታወቱ ወደ ባዶው አዳራሽ አየች። የትኛው ግድግዳ ነው ፊቱን ያዞራችሁት ብላ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችውና ተመለሰች። ከዚያ ያን ሙዚቃ በስልኳ እንድጭንላት ጠየቀችኝ። ምን ያደርግልሻል፣ አይሰማበትም አልኳት። ቢሆንም ውስጡ አለ አለችኝ፤ አባትሽ እዚህ ውስጥ አለ ብዬ አሰማታለሁ።

ጫንኩላት። እስከ ታክሲው ማዞሪያ ድረስ ሸኘኋት። የአይቮሪ ፓርኩ ታክሲ እስኪሞላ ቆመን ስንጠብቅ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ወደኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ዝም ብላ የምትሰማ ልጅ አይደለችም» አለች። «የቱ ነው ብትለኝ ምን ልበላት?»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሰዎች ገፋፏት፣ ገባች። በመስኮት እያየችኝ መልስ ስትጠብቅ ታክሲው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጌታ ይባርክሽ፣ ጌታ ይባርክህ እንባባላለን፤ ልጅቷም እጄን ይዛ ትሳለመኛለች። አስቴር ደግማ አልጠየቀችኝም።